ሰባት ቤትና አንድ ባዶ ገጽ

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆመ። ሾፌሩ «ሩብ ሰዓት ብቻ» ብሎ ወረደ፤ እኔም ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ተከተልሁት። ከመንገዱ ዳር ወዳለችው ሻይ ቤት የተጠጋሁት ሻይ አምሮኝ አይደለም። በበሩ ራስ ላይ የተሰቀለችውን ታፔላ የጻፍኋት እኔ ነኝ። ቀይ የነበረው ቀለም የጡብ መልክ ይዟል፤ ጠርዟን ዝገት በልቷታል፤ ፊደሉ ግን ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰው የገዛ እጁን ሥራ በስተርጅና ሲያገኘው የጥንት ጎረቤቱን ያገኘ ያህል ደስ ይለዋል። አንገቴን አቅንቼ ስመለከት አንድ ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነሥቶ መጣና፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ የኮቴን ክፈፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ አሸት አሸት አደረገው። «ጨርቁ ደኅና ነው» አለ፤ «ገበሩን ግን አበላሽተውታል።» ፊቱን ከማየቴ በፊት በጣቶቹ አወቅሁት። ጨርቅ እንዲህ አድርጎ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ የይጁቤው ልብስ ሰፊ ሙላት። ከአርባ ዓመት በላይ አልተያየንም። ተቃቀፍን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከወለጋ ተመልሶ ከልጁ ጋር ሉማሜ መኖር ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ወሬው ሲያልቅብን ፈገግ አለና፣ «ያረጋል፣ ታዲያ አሁንም ትቆጥራለህ?» አለኝ። ለዚህ ሰው ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ተሸክሜው ኖሬአለሁ። አሁን ፊቴ ቆሟል፤ ያለኝ ጊዜ ደግሞ ሩብ ሰዓት ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ እንድታውቁት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኔ ወጣት በነበርሁበት ዘመን ደብረ ማርቆስ ላይ ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣ ነበር። ካኪ ሱሪና ነጭ ቴትረን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሙሽራ መስሎ ይታያል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ጥግ፣ ከወፍጮ ቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቃ፣ የእኔ የታፔላ መጻፊያ ክፍል ነበረች። ክፍል ስል ጥቂት ቆርቆሮና አንድ በር ማለቴ ነው። የወፍጮው ዱቄት እያመለጠ ካልደረቀው ቀለሜ ላይ ሲያርፍብኝ ከባለ ወፍጮው ጋር ሳልጣላ የዋልሁበት ቀን ትንሽ ነው። ዛሬም ቢሆን የዘይት ቀለምና የነጭ ጋዝ ሽታ ሲመጣብኝ ያች ጥግ ከነጫጫታዋ ትታየኛለች፤ ከፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት የሚመጣውን የክራር ዘፈን፣ ከላይ ከመናኸሪያው የሚጮኸውን የረዳቶች ጥሪ ሁሉ እሰማዋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደሉን ከየኔታ፣ ቀለሙን ከአንድ መኪና ቀቢ በዓይኔ ሰርቄ ነው የቀሰምሁት። በዐሥራ ሁለት ብር አንድ ታፔላ ከነጥላው እጽፋለሁ። ባለቤቱ «ምርጥ ምግብ ቤት በልልኝ» ሲለኝ ምግቡን ሳልቀምስ ምርጥ እላለሁ። የተነገረኝን ማሳመር እንጂ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ሥራዬ አልነበረም። ይህን የምናገረው ለጨዋታ አይደለም፤ ኋላ ይመጣል።

ከታፔላው ይልቅ ስሜ የሚነሣው ግን በቆጣሪነት ነበር። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። በእሱም በእሷም በኩል አያት ቅድመ አያት እየተጠራ እስከ ሰባት ትውልድ ይወጣል፤ ሁለቱ ሐረጎች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሥጋ ዘመዶች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ደንቡ መልካም ነው፤ ዛሬም አከብረዋለሁ። አባቴ በይጁቤ የታወቀ ቆጣሪ ነበር። ሲሞት ወንበሩ ለእኔ ለታላቁ ልጁ ደረሰኝ። የእኛን ወገን ሐረግ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች በጥሞና ሲያደምጡኝ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ጎረምሳ ነበርሁ። አልዋሽም፣ ነገሩ ይጣፍጠኝ ነበር።

ሙላት ያን ጊዜ ይጁቤ ገበያ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር፣ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። እግሩ መርገጫውን ሲረግጥ በዚያው ምት ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል፤ ድምፁን ሊሰሙ ብቻ ጨርቅ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። እህቴ ይታይሽ በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ አንዲት ቀሚስ ልታሳጥር ሄደች። ሦስት ጊዜ ያጠረ ቀሚስ እንዴት ገና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ኖረ ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ «አንተ ታፔላህን ጻፍ» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሙላትን እወደው ነበር። ሱስ የለበትም፣ ቃሉን ይጠብቃል፣ የድሃ ልብስ ሲሰፋ ከባለጸጋ ልብስ አሳንሶ አይሰፋም። ሽማግሌ ሲልክ ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ፤ ከዚያ እንደ ደንቡ ቁጠር አሉኝ። ቆጠርሁ። በእኛ በኩል አምስተኛው ቤት ላይ ዳምጤ መጣ፤ ልጁ አየለ የእኛ ቅድመ አያት ነው። በሙላት በኩል ስድስተኛው ላይ እንደገና ዳምጤ መጣ፤ ልጁ ቢተው የቅድመ አያታቸው አባት ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አየለና ቢተው የዳምጤ ልጆች ከሆኑ ሙላትና ይታይሽ ዘመዳሞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ እርግጠኛ ነህ ወይ ቢለኝ እንደ ስድብ ቆጠርሁበት። ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ።

በማግስቱ ሙላት በእግሩ ማርቆስ ድረስ መጣ። እኔ ብሩሽ ይዤ የአንድ ጠጅ ቤት ታፔላ ላይ ነበርሁ። አልተቆጣም፤ አልለመነኝም። «ያረጋል፣ ቢተው የዳምጤ ልጅ መሆኑን ማን ነገረህ?» አለኝ። የእኔን ቃል ትጠራጠራለህ ወይ አልሁት። «አልጠራጠርም፤ ማን እንደነገረህ ነው የጠየቅሁህ» አለ፤ እኔ ወደ ብሩሼ ስመለስ ሄደ። ይታይሽ ደግሞ ለበዓል ወደ ይጁቤ ስወርድ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር። «ወንድምዓለም፣ እባክህ ደግመህ ቁጠረው» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኋት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «እኔ ሁለት ጊዜ አልቆጥርም» አልኋት። ዓመት ሳይሞላ ሙላት መኪናውን ሸጦ ወደ ወለጋ ተሻገረ። እህቴንም ሮብ ገበያ አካባቢ ለአንድ ደግ ገበሬ ዳርናት። ጉዳዩ አለቀ አልሁ። ሰው ያለቀ የመሰለው ጉዳይ ሁሉ አያልቅም።

ዘመን ሄደ፣ ዘመን መጣ። ታፔላ በእጅ መጻፍ ቀረና በማሽን የሚታተም ፕላስቲክ ከተማውን ሞላው። ልጄ እመቤት እዚሁ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠና ጀመር። ልጆቼን ያሳደግሁት በቁጣ ነው፤ ቤት ውስጥ ሳል እንኳ ተጠንቅቀው ነበር የሚስሉት። እመቤት ብቻ አንድ ጠባይ አላት፤ ትፈራኛለች፣ ግን መጠየቋን አትተውም። ለዓመቱ መጨረሻ ዌብሳይት ሠርተው እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ጓደኞቿ አንዱ የሆቴል፣ አንዱ የኳስ ቡድን ሲይዙ እኔ ጣልቃ ገባሁና የወገናችንን የዘር ሐረግ ሥሪ አልኋት። እኔ እየጠራሁ አንቺ ጻፊ፣ በአንድ ቀን ያልቅልሻል አልኋት። ዓመት ፈጀ።

ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከፎቁ ሥር፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበረች፤ በደቂቃ ታስከፍላለች፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ ትበላለች። ስለዚህ እመቤት ኮዱን ቤት ተቀምጣ በደብተር ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች፤ እዚያ ሄዳ መገልበጥ ብቻ ነው። እኔ አጠገቧ እቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ የሄድሁት ቀለሙን ላዝዝ ነው። ወርቃማ ፊደል፣ ከላይ ሁለት አንበሳ፣ ከግርጌው የሐረግ ጌጥ እንዲኖርበት ፈለግሁ። «ይሆናል አባባ፤ ግን መጀመሪያ ምን እንደሚል እንወቅ» አለችኝ። በኮዱ ውስጥ የከፈተችውን ምልክት ሁሉ መዝጋት አለባት፤ አንዱ ሳይዘጋ ከቀረ ገጹ ሁሉ ይናጋል። ይህን ወደድሁት፤ የከፈቱትን መዝጋት ለሰውም ይሆናል። ዓይኔ ፊደል ላይ የኖረ ስለሆነ ያልተዘጋውን ከእሷ ቀድሜ የማየው ጊዜ ነበር፤ ያን ቀን ራት ላይ እኮራለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ስህተት የምትፈልግበት መንገድ ነው። ገጹ ሲበላሽ አትናደድም፣ በግምትም አትነካካም። የደብተሩን ግማሽ በእጇ ትሸፍናለች። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ግማሽ ብቻውን ከሠራ፣ ጥፋቱ ከተሸፈነው ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ ለሁለት ትከፍለዋለች። እንዲህ እያጠበበች አንድ መስመር ላይ ትደርሳለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምፈልገው ጥፋተኛውን ሰው ነበር። እሷ የምትፈልገው ቦታውን ነው። አልነገርኋትም እንጂ ያን ክረምት እኔ ነበርሁ ተማሪው።

እያንዳንዱ ቅድመ አያት የራሱ ገጽ ነበረው። ስሙን ሲጫኑት አባቱ ይከፈታል፤ የአባቱን ሲጫኑት አያቱ። በገጹ ላይ የሚሞሉ ቦታዎች አሉ፤ አባት፣ እናት፣ የተወለደበት፣ መሬቱ የት እንደነበር፣ ከሁሉ በታች ደግሞ «ማን ነገረን» የሚል። ይህን የመጨረሻውን ለምን አስፈለገ ብዬ ተቆጣሁ። እኔ ነገርሁሽ፣ አይበቃም ወይ አልሁ። አንገቷን ደፍታ «እርስዎንስ ማን ነገረዎት?» አለችኝ። ሙላት ታፔላዬ ፊት ቆሞ የጠየቀኝ ያው ጥያቄ ነው። ለእሱ በቁጣ መለስሁ፤ ለልጄ ግን መልስ ካልሰጠሁ ሥራዋ አያልፍም። «አባቴ» ብላ ጻፊ አልሁ። ጻፈች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሥራውን ስንፈትን የቢተው ገጽ ላይ ደረስን። እመቤት «እናት» የሚለውን ተጫነች። «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ይህ ማሽን ይሰድበኛል ወይ አልሁ። «ማሽኑ አይደለም አባባ፤ እኛ ያልጻፍነውን ነው የሚነግረን» አለች። እውነቷን ነው። እኔ የማውቀው አባት ብቻ ነበር። ሰባት ቤት ስቆጥር ሰባት ወንድ እቆጥራለሁ እንጂ እናቶቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ልጄ ቀጠለች። የአየለ መሬት ይጁቤ አጠገብ፣ የአባቱ የዳምጤ መሬት ላይ ነው፤ ልክ ነው አልሁ። የቢተው መሬትስ? እሱማ ከላይ፣ ሮብ ገበያ በኩል ነበር፤ ልጆቹ በየዓመቱ ድርሻቸውን ሊያነሡ ሽቅብ ይወጡ እንደነበር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እመቤት እርሳሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ የአየለንና የቢተውን ገጽ አስተያየች። «ቢተው የዳምጤ ልጅ ከሆነ፣ ከዳምጤ መሬት ላይ ድርሻ ለምን የለውም?» አለች። ሁለቱንም ነገር አርባ ዓመት አውቃቸው ነበር። አንድ ላይ አስቀምጬ አይቻቸው አላውቅም።

በሳምንቱ ይጁቤ ወረድን። ከቢተው ወገን የቀሩ አንዲት መነኩሴ ነበሩ፤ እማሆይ የሺ ይባላሉ። ዘጠና ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን እንደ ምላጭ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ካለች ጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ስለ ቢተው እናት ስጠይቃቸው ሳቁ። «ቢተውማ በእናቱ በቅሎ ላይ ተፈናጥጦ ነው የመጣ» አሉ። የዳምጤ የመጀመሪያ ሚስቱ አየለን ትታለት ሞተች። ከዚያ ዳምጤ ከሮብ ገበያ በኩል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገባ፤ እሷም ከሟች ባሏ የወለደችውን ልጅ ይዛ መጣች። ልጁ ቢተው ነው። በዳምጤ ቤት አደገ፣ በዳምጤ ስም ተጠራ፤ መሬቱን ግን ከወለደው አባቱ ወረሰ። ከአየለ ጋር በአንድ ገበታ ከመብላት በቀር አንድ ጠብታ ደም አይጋሩም። እመቤት ደብተሯን እንደያዘች፣ «እማሆይ፣ ይህን ማን ነገረዎት?» አለች። እኔ በእሳቸው ፈንታ ልቆጣ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ደግ ጠየቅሽ» አሉ፤ «አያቴ ናት፤ የቢተው ልጅ። የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ እንጂ እኔስ መች ደበቅሁት። አባትሽም ያን ጊዜ ይችን ደጅ ቢረግጥ እነግረው ነበር።» ቤታቸው ከእናቴ ቤት የሁለት መቶ እርምጃ መንገድ ነው። ለእህቴ ዕድል ሁለት መቶ እርምጃ አልሄድሁም።

የተመለስነው በመኪና ነው። ማርቆስ ልንገባ ስንል ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቢተውን ተይው፣ ገጹ ያለ እሱም ይቆማል አልኋት። በሕይወቴ ልጄን እንዲያ ለምኜ አላውቅም። እመቤት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ይቆማል አባባ» አለች። «ግን ታፔላ ይሆናል።» የአባቷን ሥራ አልናቀችም፤ በዚያ ሥራ ነው ያደገችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ገባኝ። ታፔላ የተነገረውን ያሳምራል፤ ማን ነገረህ ተብሎ አይጠየቅም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ሮብ ገበያ እንሄዳለን አልኋት።

ሮብ ገበያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይታይሽን ጎተራው ሥር ጆንያ ለብሳ ድንች ስትለይ አገኘናት፤ ለዘር የሚሆነውን ወዲህ፣ ለገበያ የሚሆነውን ወዲያ። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አራት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ቆሜ ነገርኋት፤ መቀመጥ አልቻልሁም። እጇ ድንቹን መለየቱን አላቆመም። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ቆጠርህ፤ እኔ ኖርሁት» አለች። ከዚያ በላይ ቢላዋ አያስፈልግም ነበር። ቀጥላ ግን ለስለስ አለች። ባሏ ደግ እንደነበር፣ በልጆቿ እንደማታዝን፣ የተጻፈው እንደተጻፈ ነገረችን። አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ። «ከጻፋችሁት አይቀር ደህና አድርጋችሁ ጻፉት። ይታይሽ አለቀሰች ብለህ እንዳትጽፍ። ደግመህ ቁጠር ብላኝ ነበር፣ አልቆጠርሁም ብለህ ጻፍ።» ስንወጣ ግማሽ ጆንያ ድንች አሸከመችን፤ ከዘሩ ወገን ነው የሰጠችን።

እንደ ቃሏ ተጻፈ። የአየለና የቢተው ሐረግ ተለያይቶ ተሠራ። በይታይሽ ገጽ ላይ እኔ ነኝ ቃሉን የጠራሁት፤ እመቤት ጻፈች። ወርቃማ ፊደልም አንበሳም አላስደረግሁም፤ ትዝም አላለኝ። አስተማሪዎቿ አመሰገኗት፤ ገጹም እስከ ዛሬ አለ፣ በየዓመቱ ታሳድሰዋለች። ለዘመድ ሁሉ ተነገረ። እኔም ተገላገልሁ አልሁ። እዚህ ላይ ግን ራሴን ማማት አለብኝ። ጥፋቴን የጻፍሁት ዓለም ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ነው፤ ሊያየው የሚገባው አንድ ሰው ግን የት እንዳለ አልፈለግሁም። ለሁሉ መናገር ለአንዱ ከመናገር ይቀላል። ንስሐ በአደባባይ ላይ ሲሆን የሚከብድ ይመስለናል፤ አይደለም፣ የሚከብደው ፊት ለፊት ነው።

ዛሬ ሽማግሌዎች ቁጠርልን ብለው ሲመጡ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። እናቶቹን እጠይቃለሁ። ማን ነገራችሁ እላለሁ። ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ አንዳንዱ ዕድሜ ተጫነው ብሎ ያማኛል። የልጅ ልጆቼ ስልካቸው ላይ የመጣውን ሁሉ እያነበቡ «እንዲህ ተባለ» ሲሉኝ ምክሬ አንድ ነው። አንዲት ገጽ፣ አንዲት ብቻ፣ በእጃችሁ ሠርታችሁ እዩ እላቸዋለሁ። ገጽ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ አንድ ሰው ተቀምጦ እንደጻፈው ያውቃል። ያ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል፣ ባዶውን ቦታ ሊሸፍን እንደሚችል፣ እንደ እኔ «አልቆጥርም» ሊል እንደሚችል ያውቃል። ይህ ትምህርት እኔን ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ አገኘኝ፤ እነሱን በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ቢያገኛቸው ምን ነበረበት እላለሁ። ይሰሙኛል ወይ? አንዷ ሰምታለች፤ አንዷ ትበቃኛለች።

ወደ ሉማሜ ልመለስ። ሙላት ጥያቄውን ጠይቆኝ ቆሟል። ሾፌሩ ሻዩን ጨርሶ ጎማ እየረገጠ ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ እመቤት ገጹን በቀላሉ እንዲከፈት አድርጋ አስቀምጣልኛለች። የይታይሽን ስም ተጫንሁና ሰጠሁት። መነጽር አልያዘም፤ እጁን ዘርግቶ ስልኩን አራቀው፣ መርፌ ሲሰካ እንደሚያደርገው። ገጹ ላይ ያለው ይህ ነው፤ «ከሙላት ጋር ዘመድ አልነበሩም። ወንድሟ ያረጋል ሳይጠይቅ ቆጥሮ ለያያቸው። ደግመህ ቁጠር ብላው ነበር፤ አልቆጠረም። ማን ነገረን፤ ራሷ።»

አጭር ጽሑፍ ነው፤ እሱ ግን ረጅም ጊዜ አነበበው። እኔ ይቅር በለኝ አልሁት። የሰማኝ አልመሰለኝም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አንድ መስመር ላይ ይመላለሳል።

«ደግመህ ቁጠር ብላህ ነበር?» አለ።

«ብላኝ ነበር። በር ላይ ቆማ።»

«እኔ እኮ እሺ ያለች ነበር የመሰለኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኸን ሁሉ ዘመን።»

ቀና ብዬ ታፔላዬን አየሁ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሙላት ስልኩን መለሰልኝና እጁን ኮቴ ላይ አሳረፈ፤ አሁን ጨርቁን አላሸም፣ እንዲያው ያዘኝ። ከዚያ «ደኅና ናት?» አለኝ።

ደኅና ናት ልል አፌን ከፈትሁ። ጉልበቷን ብቻ ያማታል፣ ብቸኝነትም ለምዳለች፣ ካለፈው ነገር ምንም አትፈልግም ልለው ነበር። ይህን ሁሉ ማን ነገረኝ? አፌን ዘጋሁት። ስለ እህቴ እኔ መልስ ስሰጥ የሆነውን አይተናል። «እሷን ጠይቃት» አልሁትና የስልኳን ቁጥር ጠራሁለት። ከኪሱ ትንሽ የቁልፍ ስልክ አውጥቶ፣ እያንዳንዷን ቁጥር ሁለት ጊዜ እያስደገመኝ ጻፈ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየሁት። ከታፔላዬ ሥር ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል፤ ባዶ እጁ የራሱን ጃኬት ክፈፍ ይዞ ያሽ ነበር። አንሥታለት እንደሆነ፣ አንሥታም ከሆነ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ማርቆስ ስገባ ለእመቤት ነገርኋት፤ በይታይሽ ገጽ ላይ ምን ልጨምር ብላ ጠየቀችኝ። ባዶ ተይው አልኋት፤ የሚሞላው ሌላ ሰው ነው።